የኤሌክትሮኒክስ ማጣሪያ

የኤሌክትሮኒክስ ማጣሪያ፣ በሙያው አጠራር ፊልተር፣ ተደባልቀው ከመጡ ሞገዶች መካከል የሚፈለገውን ድግግሞሽ አሳልፎ የማይፈለገውን የሚያዳክም ዑደት ነው። ድግግሞሽ ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ያሳያል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው።

በላሊበላ በልደት በዓል ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲያዜሙ የሚቀዳው ድምፅ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚነፍሰው ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታ ጉርምርምታ ይፈጥራል፤ ገመዱ በደንብ ካልተሸፈነ ደግሞ የ50 ኸርዙ የመብራት መስመር የማያቋርጥ እምምታ ያስገባበታል። ሁለቱም ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ናቸው። የዜማው ቃልና የጸናጽሉ ድምፅ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይገኛሉ።

ዜማውን ከነፋሱና ከእምምታው ለመለየት የሚያስችለው ካፓሲተር የተባለው የዑደት ክፍል ጠባይ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚመላለሰውን ሞገድ አጥብቆ ይቃወማል፣ ፈጣኑን በቀላሉ ያሳልፋል። የጥቅል ሽቦ ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በድምፁ መንገድ ላይ ገብቶ፣ ከእሱ ቀጥሎ የ16 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ቢያያዝ መቁረጫው፣ ማለትም ከእሱ በታች ያለው የሚዳከምበት ድግግሞሽ፣ 100 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። መቁረጫ ይባል እንጂ እንደ ቢላ አይቆርጥም፦ በ100 ኸርዝ ከቮልቴጁ 71 በመቶው፣ በ50 ኸርዝ 45 በመቶው፣ በ25 ኸርዝ 24 በመቶው ያልፋል፤ የ1,000 ኸርዙ ሞገድ ግን የሚጎድልበት የለም ማለት ይቻላል። የበለጠ እንዲቆርጥ ከተፈለገ ተመሳሳይ ደረጃዎች ይደራረባሉ።

መቁረጫውን ከሚገባው በላይ ከፍ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ከነፋሱ ጋር አብሮ ይሄዳልና። እምምታው ብቻ ካስቸገረ በ50 ኸርዝ ዙሪያ ጠባብ ክፍተት የሚያበጅ ማጣሪያ ይሻላል፤ ሆኖም እምምታው ብዙ ጊዜ በ100 እና በ150 ኸርዝም ይደገማል። ሬዲዮ ጣቢያ ሲመርጥ የሚሠራው ሥራ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ተጣምረው አንዱን ጠባብ የድግግሞሽ መደብ አሳልፈው ሌላውን ይከለክላሉ። ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር በደረጃ የተደራረቡባቸውን ማጣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ አሜሪካዊው ጆርጅ ካምቤልና ጀርመናዊው ካርል ዊሊ ዋግነር ለስልክ መስመር ሲሉ በየፊናቸው ፈለሰፏቸው።

ማጣሪያ የሚያውቀው ድግግሞሽን እንጂ የድምፁን ባለቤት አይደለም። የምእመናን ንግግር ከካህናቱ ዜማ ጋር አንድ መደብ ስለሚጋራ በማጣሪያ አይለይም፤ መፍትሔው ማይክሮፎኑን ወደ ዘማሪዎቹ ማቅረብ ነው።