ወለል የተሸከሙ መደርደሪያዎች

አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያ የሚቆመው ሕንፃ ውስጥ ነው። በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ የሕንፃው አንድ ክፍል የቆመው መደርደሪያ ላይ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ?

በማንሃተን 5ኛ ጎዳና ላይ ያለው ይህ የእብነ በረድ ሕንፃ የተሠራው ቀድሞ የከተማዋ የውኃ ማጠራቀሚያ በነበረበት ቦታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆን ሾው ቢሊንግስ የነደፉት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ መጻሕፍቱ ከታች፣ አንባቢዎቹ ከላይ። አርክቴክቶቹ ጆን ካሬርና ቶማስ ሄስቲንግስም ሰባት ፎቅ የብረት መደርደሪያ አቁመው፣ 90 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የንባብ አዳራሽ እላዩ ላይ ሠሩ። የመደርደሪያዎቹ ቋሚ ብረቶች መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የአዳራሹንም ወለል ይሸከማሉ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንባቢው የሚፈልገውን መጽሐፍ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጥ ነበር፤ ወረቀቱ በአየር ግፊት በሚሠራ ቱቦ ወደ ታች ይላክ ነበር፤ መጽሐፉም በትንሽ አሳንሰር ይወጣለት ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ ግን መጻሕፍቱ በዙ፣ ቦታው ጠበበ። ሌላም ችግር ነበር። ሙቀትና እርጥበት ወረቀትን ቀስ በቀስ ይጎዳሉ፤ አሮጌዎቹ መደርደሪያዎች ያሉበት ክፍል ደግሞ ሁለቱን እንደ ዘመኑ የሚቆጣጠር መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ከሕንፃው ጀርባ ካለው ከብራያንት ፓርክ ሥር መሬት ተቆፍሮ ባለ ሁለት ፎቅ መጋዘን ተሠራ። መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ግን አንዱ ፎቅ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአርክቴክት ኖርማን ፎስተር ንድፍ ይፋ ሲሆን ክርክሩ ጦፈ። በንድፉ መሠረት መደርደሪያዎቹ ይነሱና በቦታቸው ማንም ሰው መጽሐፍ ተውሶ የሚሄድበት ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ይከፈታል፤ ብዙዎቹ መጻሕፍትም ወደ ኒው ጀርሲ መጋዘን ይሄዳሉ። ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም፤ ለብዙ ሰው በር መክፈት ነው። ተመራማሪዎችና ደራሲያን ግን «መጽሐፉ ሌላ ክፍለ ሀገር ተቀምጦ እኛ እዚህ ምን ልንሠራ ነው?» አሉ። እውቋ የሥነ ሕንፃ ሃያሲ ኤዳ ሉዊዝ ሃክስተብልም ዕቅዱን አጥብቀው ተቹ። የምሕንድስናው ጣጣም ቀላል አልነበረም፤ መደርደሪያውን ከመንቀል በፊት አዳራሹን የሚሸከም ሌላ ነገር መቆም አለበት። ወጪውን አስቡት!

እ.ኤ.አ. በ2014 ዕቅዱ ተሰረዘ። ታዲያ ቦታ ከየት ይምጣ? አንዱ መልስ ከፓርኩ ሥር ነበር። ሳይሠራበት የቆየው ሁለተኛ ፎቅ ተደራጀና መጋዘኑ በጠቅላላው 4 ሚሊዮን ያህል መጻሕፍት የሚይዝ ሆነ። ዛሬ ትንንሽ ቀይ ጋሪዎች በሐዲድ ላይ እየወጡ መጻሕፍቱን ለአንባቢ ያደርሳሉ። ሌላው መልስ ከመንገዱ ማዶ ተገኘ። ቀድሞ ትልቅ የንግድ መደብር የነበረው የማውሻ ቤተ መጻሕፍት ታድሶ፣ ጣሪያው ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መናፈሻ ተጨምሮለት በ2021 ተከፈተ።

አሮጌዎቹ መደርደሪያዎች መጻሕፍቱ ቢወጡላቸውም ሥራ አልፈቱም፤ ወለሉን እንደተሸከሙ ናቸው። አሮጌ ሕንፃ የሚያድስ ሰው «ይሄ ምን ይሠራል?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ «ምን ተሸክሟል?» ብሎም መጠየቅ አለበት።