ማባዛት ሳይሆን ማፈራረቅ

በኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ላይ አንድ ቃል እየተለመደ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ቢነቀል ደስ ይለኛል። ባለ አራት አኃዝ የኤልኢዲ ማሳያን በጥቂት ሽቦ የማብራቱን ዘዴ፣ «መልቲፕሌክሲንግ» የሚባለውን፣ «ማባዛት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። «መልቲ» ብዙ ማለት ነው፣ እንግዲህ ማባዛት ይባል፤ በዚሁ አለቀ። ማሳያው ላይ ግን የሚበዛ ነገር የለም። ሽቦው እንዲያውም ይቀንሳል።

ዘዴውን አብዛኛው አንባቢ በመጠኑ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። አንድ አኃዝ ሰባት የብርሃን ሰረዞችና አንዲት ነጥብ አሉት። አራቱ አኃዞች በድምሩ 32 መብራት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሽቦ ይኑረው ቢባል ከጋራው ጋር 33 ይሆናል። አርዱዊኖ ኡኖ ደግሞ ያለው 20 የመግቢያና የመውጫ እግር ነው። የተለመደው ማሳያ 12 እግር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ስምንቱ የሰረዞቹና የነጥቧ፣ አራቱ የየአኃዙ። ስምንቱን ሽቦ አራቱም አኃዞች ይጋሩታል፤ በአንድ ቅጽበት ግን የሚበራው አንዱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ 2 ሚሊሰከንድ ቢበራ ዙሩ በ8 ሚሊሰከንድ ያልቃል፣ በሰከንድም 125 ጊዜ ይደገማል። ዓይን አይደርስበትም፤ አራቱም አብረው የበሩ ይመስለዋል።

«ማባዛት» ሌላም ችግር አለው፤ ቃሉ ባለቤት አለው። ሁለት በሦስት ስናባዛ የምንለው እሱን ነው፤ የፈተና ወረቀት የሚያባዛውም ማሽን ማባዣ ይባላል። ካልኩሌተር የሚሠራ ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ «ቁጥሮቹን አባዛ፣ ማሳያውንም አባዛ» የሚል ቢያነብ ምን ይረዳ? ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችፒ-35 የኪስ ካልኩሌተር ቀያይ አኃዞቹን ያበራ የነበረው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ከ«ብዝኃ ሕይወት» ተውሰው «ብዝኃ መስመር» ማለት የሚሹም ይኖራሉ። ግርማ አለው፤ ሆኖም ብዙ መስመር ያለ ያስመስላል፣ የዘዴው ጥቅም ደግሞ መስመር ማሳነሱ ነው። «ማጋራት» ይሻላል፤ ሽቦው የጋራ መሆኑን ይናገራል፣ በየተራ መሆኑን ግን ይተወዋል። «ተራ» ራሱ ትክክለኛውን ሐሳብ ይዟል፤ «ተራ ማሳያ» ሲባል ግን ርካሽ ማሳያ ይመስላል።

እኔ የምሟገትለት «ማፈራረቅ» ነው። ፈረቃን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አንዱ ክፍል ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ዓይነት ተማሪ የሚያስተናግደው በፈረቃ ነው፤ ዴስኩና ሰሌዳው አንድ፣ ተቀማጩ ሌላ። ስምንቱ ሽቦ ዴስኩ ነው፣ አኃዞቹ ተማሪዎቹ። ግሱን እዩት፦ «አፈራረቀ» ውስጥ «ረ» ተደግማለች፤ እንደ «አመላለሰ» ሁሉ ድርጊቱ ደጋግሞ እየተመላለሰ እንደሚፈጸም ትነግረናለች። መነሻው «አ» ደግሞ ሌሎቹን የሚያፈራርቅ አንድ አድራጊ እንዳለ ያሳያል፤ እሱም ማይክሮኮንትሮለሩ ነው። እንግሊዝኛው ቃል ይህን ሁሉ አይነግረንም። ከአንዱ ሥር መሣሪያው «አፈራራቂ»፣ ማሳያው «ተፈራራቂ»፣ የአንዱ አኃዝ ድርሻ «ፈረቃ» ሆነው ይወጣሉ። አማርኛ ለሙያ ቃል ድኻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን የግስ ሀብት አንዴም ፈትሸውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። በሬዲዮ ብዙ መልእክት በአንድ ጊዜ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ሲላክም እንግሊዝኛው ያንኑ ቃል ይጠቀማል፤ እዚያ ደግሞ የሚፈራረቅ የለም። እውነት ነው። ለዚያ ሌላ ቃል ይፈለግለት። እንግሊዝኛ ሁለት ነገር በአንድ ስም ስለጠራ እኛም እንድናደባልቅ አንገደድም።

ቃሉ ሽቦ ሲቀጠልም ይረዳል። የጋራ የሆነውንና ፈረቃ ያለውን ለዩ። ብዙ ጊዜ እግር 6፣ 8፣ 9 እና 12 የአኃዞቹ የፈረቃ እግሮች ናቸው፤ ሁሉም ማሳያ እንዲህ ስላልሆነ በቴስተር የዳዮድ መለኪያ እያበራችሁ አረጋግጡ። ሬዚስተር፣ ለምሳሌ ባለ 330 ኦም፣ በስምንቱ የጋራ ሽቦዎች ላይ ይግባ። በፈረቃው እግር ላይ ከገባ ሁለት ሰረዝ ብቻ ያለው «1» ይደምቃል፣ ሰባት ያለው «8» ይደበዝዛል። በፈረቃው እግር ላይ ትራንዚስተር ይቀመጥ፤ ስምንት መብራት በ10 ሚሊአምፒር 80 ይሆናል፣ የኡኖ አንድ እግር ደግሞ ከ40 በላይ አይችልም።

በአንዱ አኃዝ ላይ የጎረቤቱ ጥላ ደብዝዞ ከታየም ሁለት ፈረቃዎች ተደራርበዋል ማለት ነው። ኮዱ መጀመሪያ አራቱንም አኃዞች ያጥፋ፣ ቀጥሎ ሰረዞቹን ይቀይር፣ ከዚያ ባለተራውን ያብራ።