ከጣና እስከ ጉባ፦ እሳት የገደበውና ሰው የገደበው

አባይ በኢትዮጵያ ምድር ሁለት ጊዜ በታላቅ ግድብ ተገድቧል። የመጀመሪያውን ግድብ የሠራው ከምድር ሆድ የፈለቀ ቅልጥ አለት ነው፤ ጣናም የተኛው ከዚያ ግድብ ጀርባ ነው። ሁለተኛውን ሰው ሠራው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የተጠራቀመውም ውኃ ንጋት ተባለ። ሁለቱም ሐይቆች ደሴቶች አሏቸው። የጣናዎቹን ዓለም ያውቃቸዋል። የንጋቶቹን የሚያውቃቸው ከአካባቢው ሰውና ከዓሣ አጥማጁ በቀር ብዙ የለም።

የወንዙን ሁለት ጫፎች አይተው ከጻፉ የውጭ ሰዎች መካከል ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ ይጠቀሳል። ቺዝማን ወፍ አጥኚና የበረሃ ተጓዥ ነበር፤ ዓረብ አገር ቆይቶ በ1918 ዓ.ም. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1926 ዓ.ም.ም በዚያው ሠራ። ሥራው ቆንስልነት ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ካርታ ላይ ነበር። የጣናን ዳርቻ ዞረ፤ ደሴቶቹን በታንኳ እየተሻገረ አያቸው፤ ከዚያም የአባይን ሸለቆ እየተከተለ እስከ ሱዳን ድንበር ወረደ። ስለ ጣናና ስለ አባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1928 ዓ.ም. ታተመ። ያን ጊዜ ጉባን የሚገዙት ሐምዳን አቡ ሾክ፣ አሶሳን ደግሞ ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን ነበሩ። አካባቢው የወርቅና የባሪያ ንግድ የሚተላለፍበት፣ ከመሀል አገርም ከካርቱምም ዓይን የሚጣልበት ድንበር ነበር።

እንግሊዝ ዳንግላን በመሰለች ትንሽ ከተማ ቆንስል ያስቀመጠችው ለወፍ ብላ አልነበረም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ጣናን፣ አባይንና ሶባትን አግዶ ውኃውን የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ ተባለ። ከዚያ በኋላ ሎንዶን ጣናን ለመገደብ ስትመኝ ኖረች። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ድርጅት ጋር ስለ ጣና ግድብ መነጋገራቸው ለእንግሊዞች መልካም ዜና አልነበረም። ድርጅቱ መጥቶ ጥናቱን አካሄደ፤ ግድቡ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ከ1949 እስከ 1956 ዓ.ም. ሌላ የአሜሪካ ቡድን የአባይን ተፋሰስ ሲያጠና ዓይኑ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ታች፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ነበር። ዛሬ ግድቡ የቆመው በዚያው አካባቢ ነው።

ወደ እሳቱ እንመለስ። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ወፍራም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሸፍኗል። ጣና ግን እንዲህ ያረጀ አይደለም። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በምድር ዕድሜ ሲታይ ትናንት ሊባል በሚችል ጊዜ፣ ሌላ ቅልጥ አለት ወደ ደቡብ ፈስሶ የውኃውን መውጫ ዘጋው። የጢስ አባይ ፏፏቴ የሚወረወረው ከዚሁ ፍሳሽ ጠርዝ ላይ ነው። ሐይቁ ትልቅ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ ከ15 ሜትር አይዘልም። በዚህም የተነሣ ዝናብ ሲጠፋ ይጎዳል። ከሥሩ የወጣው ደለል ሲመረመር፣ ከ15 ሺህ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ፈጽሞ ደርቆ እንደነበር ታይቷል። ዛሬ ለዓለም ብርቅ የሆኑት ከ15 የማያንሱ የባርቦ ዓሣ ዝርያዎች ሌላ የትም አይገኙም፤ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል መለያየታቸው ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያስገርማል።

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚነሣ እንግዳ ክብራን ገብርኤልን ቅርብ ሆኖ ያገኘዋል። ደቅና ዳጋ ራቅ ይላሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ ከውኃው ቀጥ ብሎ የወጣ ሾጣጣ ኮረብታ ነው፤ ከእግሩ እስከ ራሱ በዛፍ ተሸፍኗል፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም በዚያ ነው። ሴት አትገባም። ደቅ ግን ሰፊ ነው፤ ገበሬ ይኖርበታል፤ ይታረሳል፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም በዚያ በኩል ናት። ሁለቱን ደሴቶች በአንድ ቀን ያየ ሰው ልዩነቱን አይስተውም፦ ድንጋዩ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ዛፉ የቀረው ግን ሥርዓት ባለበት ነው። በዜጌም እንዲሁ ነው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ትውፊት የተከለከለ በመሆኑ ቡናው ከነጥላ ዛፉ እስከ ዛሬ ቆሟል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ክልል ብሎ ቢመዘግብም፣ ያን ደን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት መነኮሳት ናቸው። ደን ጥበቃ የሚባል ነገር ሳይሰሙ ነው የጠበቁት።

ሥርዓት ባልደረሰበት በኩል ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እንቦጭ የተባለው መጤ የውኃ አረም ገባ።

የጣና ውኃ ጉባ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ድሮ የነበረው የአባይ ሸለቆ ነው። ሌላው በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በኋላ የመጣው ነው፤ ውኃው ተራራ በሚበሳ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል፤ በለስም መተከልን አቋርጦ ንጋት ውስጥ ይገባል። ይሁንና ጉባ ላይ ከሚደርሰው ውኃ የጣና ድርሻ ከመቶ አሥር አይሞላም። የቀረው የጀማ፣ የጉደር፣ የዴዴሳ፣ የዳቡስና የሌሎቹ ገባሮች ነው።

የንጋት ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ አልተወለዱም። የጉባና የአሶሳ ዓለት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ፣ ወርቅና ዕብነ በረድ ያቀፈ ጥንታዊ ዓለት ነው፤ ከእሱ አንጻር የጣና ድንጋይ የትናንት ልጅ ነው። ኮረብቶቹ ደሴት የሆኑት ግን ገና ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውኃው መሞላት ከጀመረ ወዲህ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል፤ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ውኃው ሲወጣ ሸለቆዎቹ ሰጠሙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ጉሙዞች፣ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የኮረብቶቹ አናት ከነሽመሉና ከነቁጥቋጦው ውኃ መሀል ቀረ። በዚያ አናት ላይ የነበረ ዝንጀሮና ከርከሮ፣ እባብና ምስጥ፣ መዋኘት ካልቻለ እዚያው ቀረ።

በሌላ አገር እንዲህ ባለ ደሴት ላይ የሆነው ታይቷል። ለፓናማ ቦይ ሲባል የቻግሬስ ወንዝ ተገድቦ ጋቱን ሐይቅ ሲፈጠር፣ ባሮ ኮሎራዶ የምትባል የኮረብታ ጫፍ ደሴት ሆነች። ውኃው ከወጣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1923፣ ለሳይንስ ተከለለች፤ ዛሬ በዓለም ላይ እንደ እሷ የተጠና የሐሩር ደን ጥቂት ነው። ከለላው ግን ሁሉን አላዳነም፤ ጫካው ሳይነካ ብዙ የወፍ ዝርያዎች ከደሴቷ ጠፉ፤ ቦታው ጠበባቸው። በቬኔዝዌላ የጉሪ ግድብ ደግሞ የባሰ ሆነ። ትንንሾቹ ደሴቶች ላይ አዳኝ አውሬ ስላልቀረ ቅጠል በሊታ ጉንዳንና ጦጣ ያለ ልክ በዙ፤ ችግኙን ሁሉ ጨረሱት፤ ደኑ ራሱን መተካት አቃተው። እንግዲህ ደሴትን አጥሮ መተው ብቻውን አይበቃም፤ ትልቅ የሆነችውንና ወደ ዳርቻው የቀረበችውን መምረጥ ያስፈልጋል።

የንጋት ሌላ ጠባይም አለ። የኃይል ማመንጫ ሐይቅ እንደ ጣና ረግቶ አይቀመጥም፤ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይወርዳል። ሲወርድ በደሴቶቹ ዙሪያ ባዶ የጭቃ ቀበቶ ይታያል፤ አንዳንዱም ከየብስ ጋር ይገጣጠማል። ያኔ ከብትም ሰደድ እሳትም ወደ ደሴቱ ይሻገራል። በመተከል ቆላ በበጋ ሣር ማቃጠል የተለመደ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለንጋት ዳርቻ ስለ ቱሪዝም ብዙ ይወራል፤ ሎጅ፣ ጀልባ፣ መዝናኛ። ይሁን። ነገር ግን የመጀመሪያው ሎጅ ከመቆሙ በፊት የትኞቹ ደሴቶች እንደማይነኩ መወሰን አለበት፤ አንዴ ሰው ከሰፈረበት ደሴት ሰውን ማስነሣት ከመከልከል እጅግ ይከብዳል፤ ደቅን ማየት ነው። እነማን ይወስኑ የሚለውም ጥያቄ አለ። እነዚያን ኮረብቶች ከሁሉ በፊት ያወቁት በግርጌያቸው ሲያርሱ፣ ወርቅ ሲያጥቡና ማር ሲቆርጡ የኖሩት ጉሙዞችና በርታዎች ናቸው፤ የትኛው ኮረብታ ላይ ምንጭ አለ፣ የትኛው ላይ ነብር ይወጣ ነበር የሚለውን እነሱ ይነግራሉ፤ ያ እውቀት ደግሞ የሽማግሌዎቹ ዕድሜ ሳያልፍ መጻፍ አለበት። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለተማሪዎቹ ጀልባና አንድ የበጋ ወቅት ቢሰጣቸው፣ ቺዝማን ለጣና እንዳደረገው ለንጋት የደሴት ካርታ ሊሠሩ ይችላሉ።