የአይሮፕላን ነጂና የሠራተኛ ማኅበር

ከደሴ በአይሮፕላን ለመሄድ የሚሻ መንገደኛ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከሜዳው ዙሪያ ተራራ ስላለ ደመና ሲወርድ የመንገደኛው ሕይወት በነጂው ቃል ላይ ያርፋል። እንግዲህ ደመወዙ ከፍ ያለ ነው የሚባለውን ነጂ የሠራተኛ ማኅበር ይጠቅመዋልን? ጥያቄውን ከታሪክ አንጻር እንመልከት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ነጂዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሠራተኞች በማኅበር ሆነው እንዲደራደሩ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 210 ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ወጣ።

መብቱ ግን ያለ መሥዋዕትነት አልጸናም። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን ጽሑፍ በአዲስ አበባ አይሮፕላን ጣቢያ ያደሉ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰው ገደሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም የአየር መንገድ ሠራተኞችን ሥራ ከማቆም ከለከለ።

ስለዚህ ማኅበር ለነጂው በአድማ ደመወዝ ያስጨምርለታል ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን የኅብረት ስምምነት የዕረፍት ሰዓትን ሊወስን፣ «ደክሞኛል» ወይም «ደመናው አያሳርፍም» ያለውን ነጂ እንጀራውን እንዳያጣ ሊጠብቀው ይችላል። ይህ ለነጂው ብቻ ሳይሆን ኮምቦልቻ ላይ ተሳፍሮ ለሚጠብቀው የደሴ ሰውም ጥቅም ነው እንላለን።