ከበቅሎ እስከ ባጃጅ፤ የደሴና የኮምቦልቻ እግረኛ ታሪክ ባጭሩ

ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንድ ነገር ጻፍ ስባል፣ እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ የሠራሁትም መዝገብ ቤት፤ ምን እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ዕድሜ ልኬን ያለ መኪና የኖርኩ ሰው ስለ መንገድ ባወራ ምን አለበት አልኩና ብዕሬን አነሣሁ።

እንደሚታወቀው ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቆረቆረች ናት። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አድርገው አይጠየፍን ሲያሠሩ በአገራችን የመኪና መንገድ አልነበረም። ሹሙ በበቅሎ፣ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ የአፋር ጨው በግመል እስከ ባቲ ይመጣል። ስለዚህ የደሴ ዳገቱም፣ ቁልቁለቱም፣ አቋራጩም በእግረኛ ልክ የተሠራ ነው።

የመኪናውን መንገድ ያወጣው ጣልያን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከገባ በኋላ፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ አገናኘ፤ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ አወጣ። ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ጦሩንና ስንቁን ሊያመላልስ ነው። ይሁን እንጂ ጣልያን ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። ኮምቦልቻም መገንጠያ ሆነች። እኔ ልጅ ሳለሁ የአሰብ ከባድ መኪና ሾፌር ለምነን ጭነት ላይ ተሰቅለን ሐረጎን እንወጣ ነበር። የአሰቡ ጉዞ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ፤ ከባድ መኪናው ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ እንኳ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ ከደሴ በ6 መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መንገዱ በሐረጎ ይጠመዘዛል፤ እግረኛው ደግሞ ጥምዝምዙን በአቋራጭ ይቆርጠዋል። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ጋሪ ተመቻት፤ ደሴ ግን ፈረሱንም ሰውንም ታስተነፍሳለች። ዛሬ ሚኒባስና ባጃጅ መጥቶ ከሰኞ ገበያ ቧንቧ ውሃ መሄድ ቀሏል። ቢሆንም ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሣም፤ ባጃጁም ቢሆን ኪስ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የቅሬያችን ጸሐፊ በነበርኩ ጊዜ የቀረውንም የዘገየውንም በመዝገብ የምጽፍ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት እናት ቀብር ካለቀ በኋላ ደረሱ። ኮምቦልቻ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወርደው፣ መርዶ ሰምተው፣ የመኪና ሳንቲም ስላልነበራቸው ሐረጎን በእግራቸው ወጥተው ነው። ጫማቸው በእጃቸው ነበር። እኔ ታዲያ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቅጣቱንም ከፈሉ። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ኮምቦልቻ ዐረፈ። ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሰው እስኪሞላ ተቀመጥን፣ ተቀመጥን። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰዉ እየተበተነ ነው። ያን ጊዜ የእኒያ እናት ጫማ ዓይኔ ላይ መጣ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስንቱ ሰው ልጁን አዝሎ በዚያው ቁልቁለት በእግሩ ወረደ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን ማስለቀቁ እስኪነገር ድረስ ከቤቱ ርቆ የቆየው ብዙ ነው። የዚያን ጊዜ ባለመኪናውም ነዳጅ አጥቶ እንደኛው ሆኖ አይተነዋል። ደግሞስ ጀናዛውም ሆነ አስከሬኑ ወደ መቃብር የሚገባው በሰው ትከሻ አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጡሩምባ ነፊያችን የቀብሩን ሰዓት ለይቶ ይንገር፤ ኮምቦልቻ ላሉትም ወዲያው ስልክ ይደወል። ሁለተኛ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው እዝን እስከደረሰ ድረስ «ቀሪ» አይባል። ጀናዛ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ቀብሩ ይጠብቅ አላልኩም፣ መዝገቡ ይጠብቅ ነው ያልኩት። ሦስተኛ፣ መኪና ያለው አባል ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይጫን።

እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀብራቸው ዕለት ቀድሜ ደርሼ ነበር፤ ግን ይቅርታ የሚጠየቀው በቁም ነው። እናንተ ሳይረፍድባችሁ አስቡበት።

ቸር ይግጠመን።