በመካከለኛ ዕድሜ በሚገኙ ሴቶች ላይ የሚታዩ የድንገተኛ የልብ ሕመም ምልክቶች

በተለምዶ «ሀርት አታክ» እየተባለ የሚጠራው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚከሰተው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ነው። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በየደቂቃው እየተጎዳ ስለሚሄድ ወደ ሕክምና የሚደረሰው በቶሎ ሊሆን ይገባል። «የልብ ድካም» የሚባለው ግን ልብ በቂ ደም መርጨት ሲያቅተው የሚመጣ የተለየ ሕመም ነው።

በሴቶችም ሆነ በወንዶች ዋነኛው ምልክት የደረት ሕመም ሲሆን፣ ብዙዎች እንደ ጫና፣ እንደ መጨምደድ ወይም እንደ ክብደት ይገልጹታል። ስሜቱ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ይቆያል፤ አለዚያም ተወት አድርጎ ይመለሳል። ወደ መንጋጋ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ክንድ ወይም ጀርባ ሊሰራጭም ይችላል። በሴቶች ላይ ከዚህ ጋር፣ አንዳንዴም ያለ ደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስ ማዞር እና ያልተለመደ ከባድ ድካም ይታያል። ድካሙ ቀናት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል፤ የወትሮውን የቤት ሥራ ወይም አጭር ዳገት የሚያከብድ ከሆነ ችላ ሊባል አይገባም። የስኳር ሕመም ያለባት ሴት ደግሞ ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል።

አሳሳቹ ነገር እነዚህ ምልክቶች የተለመደ ስም ያላቸው መሆኑ ነው። ከእምብርት በላይ የሚሰማው ማቃጠል «ጨጓራ» ይባላል፤ የጀርባና የትከሻው ሕመም «ብርድ» ይባላል፤ ድካሙም በጾም ወይም በሥራ ብዛት ይሳበባል። ፌጦ ወይም ዳማከሴ ተሰጥቶ እስኪሻል ሲጠበቅ ውድ ጊዜ ያልፋል። የጨጓራ ሕመም እንዳለባት የምታውቅ ሴትም ብትሆን፣ ስሜቱ ከወትሮው የተለየ ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር የተከተለው ከሆነ ልትመረመር ይገባል።

ተጋላጭነቱ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይጨምራል። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ትምባሆ ማጨስ እንዲሁም በእርግዝና ወቅት የታየ የደም ግፊት ወይም የስኳር መጠን መጨመር ያባብሱታል። የእርግዝናው ችግር ከብዙ ዓመታት በፊት ያለፈ ቢሆንም ለሐኪም መነገር አለበት።

ምልክቶቹ ሲታዩ ታማሚዋ ከሥራ አቁማ እንድትቀመጥ ማድረግና በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ939 መጥራት ይገባል። አምቡላንስ በማይገኝበት አካባቢ በተገኘው ተሽከርካሪ ትወሰዳለች፤ ራሷ ግን ማሽከርከር የለባትም። አስፕሪን የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ምክር ነው፤ የአስፕሪን አለርጂ ወይም የደም መፍሰስ ችግር ላለባቸው አደገኛ ሊሆን ይችላልና። በጤና ተቋሙ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የትሮፖኒን የደም ምርመራ ይደረጋል። የመጀመሪያው ውጤት ደህና ቢሆንም ሕመሙ ካልተወ ምርመራው እንዲደገም መጠየቅ ይቻላል።