የቢሮ ወረቀት ቆሻሻ የሚሆነው ቅርጫት ውስጥ ነው

በአዲስ አበባ ቁራሌው የማይዞርበት መንደር የለም። አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ባልዲና ባዶ ጀሪካን ሳይቀር ዋጋ ተቆርጦላቸው ይሸጣሉ፤ መርካቶ ሚናለሽ ተራ ደርሰውም ሌላ ዕቃ ሆነው ይወጣሉ። “መልሶ መጠቀም” የሚለው ቃል በየወርክሾፑ መነገር ከመጀመሩ በፊት ሥራው በከተማችን ነበረ። ታዲያ ቤታችን ውስጥ ጀሪካን የማንጥል ሰዎች፣ ቢሮ ስንገባ አንድ ገጹ ያልተጻፈበትን ወረቀት ከቡና አተላና ከምሳ ትራፊ ጋር የምንጥለው ለምንድን ነው?

ነገሩ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ ክምር ከየቤቱ፣ ከየሆቴሉና ከየመሥሪያ ቤቱ ሳይለይ ተጭኖ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸ ነው። ቆሻሻው ከቢሯችን ስለወጣ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታን በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ይጥላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን እስከ መከልከል ሄዷል። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ቅርጫት አይለይም። በየጠረጴዛው ሥር ተቆጣጣሪ ማቆም አይቻልምና።

መለየት የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀላል ነው። አሮጌ ወረቀት በውኃ ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ ካርቶን ወይም ሶፍት ይሆናል። ዘይትና ወጥ የነካው ወረቀት ግን ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ ወረቀት ዋጋውን የሚያጣው ሲጻፍበት ሳይሆን ከምግብ ጋር ሲቀላቀል ነው። በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ብትለየውም የተበላሸው አይመለስም።

አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ብዙ ወጪ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል።

አንደኛ፣ ማተሚያ ማሽኖችን በሁለቱም ገጽ እንዲያትሙ ማስተካከል። ያልባከነ ወረቀት መሰብሰብም አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ በየክፍሉ ለወረቀት፣ ለውኃ ፕላስቲክና ለምግብ ትራፊ ሦስት የተለያዩ ማስቀመጫዎችን ማኖር። ካርቦን ወረቀትና ከሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣ ደረሰኝ ከወረቀቱ ጋር አይቀላቀሉም።

ሦስተኛ፣ የቡና አተላንና የአትክልት ልጣጭን ለግቢው አበባና ዛፍ ብስባሽ ማድረግ።

አራተኛ፣ ባትሪ፣ የማተሚያ ቀለም ዕቃና የተቃጠለ ረዥም አምፖል ለብቻ ማስቀመጥ። በእነዚህ አምፖሎች ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ ሰብሮ መጣል አደገኛ ነው።

“የደንበኛ ምሥጢር እንዴት ለወረቀት ሰብሳቢ ይሰጣል?” የሚሉ ባንኮችና የሕግ ቢሮዎች ትክክለኛ ጥያቄ አላቸው። መልሱ ሰነዱን ከመስጠት በፊት በማሽን መቆራረጥ ነው፤ የተቆራረጠ ወረቀትም ለፋብሪካ ያገለግላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ስለ መዝገብ አወጋገድና ስለ ንብረት ማስወገድ የተደነገገውን መከተል አለባቸው። መዝገብ ቤት ስለሞላ ብቻ ማኅደር አይሸጥም።

አንድ የሚረሳ ጉዳይ አለ። በብዙ ቢሮዎች ወረቀቱንና ፕላስቲኩን ለቅመው የሚሸጡት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከአነስተኛ ደመወዛቸው ላይ የምትጨመር ገቢያቸው ነች። ድርጅቱ “አካባቢ እንጠብቃለን” ብሎ ይህችን ገቢ ቢወስድባቸው የመጀመሪያዎቹን ባለሙያዎች ከሥራው ማባረሩ ነው። ሽያጩ ለእነሱ እንዲሆን በጽሑፍ መወሰን ፍትሐዊ ነው፤ መለየቱንም የሚያጠናክረው ይኸው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የሃምሳ ሠራተኞችን ቅርጫት ለአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ትቶ ጓንት እንኳ አለመስጠት ከዚህ አባባል ጋር አይሄድም። ኃላፊው ይህን ለማረም አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም። ሦስት ካርቶኖችና ራሱ አስቀድሞ መለየቱ ለመጀመር ይበቃል።